ኮምፒውተሩ በመቀየሩ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ኢንጂነር መሳፍንት አክሊሉ
የ«ደራሽ» መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
ሌክ ሲቲ፣ ሲያትል

ጉዳዩ፦ ስለ ዕድራችን ሚኒቫን በግልጽ የቀረበ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ካለፈው ወር ጀምሮ ጠረጴዛዎ ላይ የሚያርፈው አዲሱ ላፕቶፕ በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉልበትዎ አይድከም፣ ድምፅዎ አይዘጋ፣ ማይክሮፎኑም ከእጅዎ አይለይ። እኛ የዕድሩ አባላት ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም በሕይወት አለን። ከመካከላችን የአንዷ በሕይወት መገኘት ግን የእርስዎ አመራር ውጤት ነው ለማለት ብዙ ሞክሬ ስላልሆነልኝ፣ ነገሩን በአደባባይ ለማስረዳት ተገድጃለሁ።

በስብሰባ ላይ «ያቺ ሹፌሯ» እያሉ ስለሚጠሩኝ ስሜን ላያስታውሱት ይችላሉ። ሠርካለም ጳውሎስ እባላለሁ። ከሰዓት በኋላ ኦበርን በሚገኝ መጋዘን ካርቶን ስደረድር እውላለሁ፤ ማለዳ ማለዳ ደግሞ የዕድሩን ሚኒቫን በፈቃደኝነት እነዳለሁ። ሚኒቫኑ ብዙ ሥራ አለበት ቢባልም ዋናው ሥራው አንድ ነው፤ እትዬ እናኑን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ወደ ኩላሊት እጥበት አድርሶ መመለስ። እትዬ እናኑ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ሚሪያም ወደ አሜሪካ ካመጣቻቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሷ ሥራ የምትገባው ሳይነጋ ስለሆነ ልታደርሳቸው አትችልም፤ በመንግሥት በኩል ለሕመምተኞች ለሚመጣው መኪና ያስገባችው ማመልከቻም ገና በመታየት ላይ ነው። በየዙሩ አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተኝተው ደማቸው ይታጠባል። አንድ ቀን ቢያልፋቸው ይደክማሉ፤ ሁለት ቀን ቢያልፋቸው ምን እንደሚሆን ባለፈው ወር ሁላችንም አይተናል። እርስዎ ሥራ ስለበዛብዎ አላዩ ይሆናል፤ ስለዚህ ያደረጉልንን ውለታ በተራ ቁጥር ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በመጀመሪያ ስለ መኪና ማቆሚያው ከልብ አመሰግናለሁ። ቢሯችን ባለበት ሕንፃ ግቢ ለዕድሩ ሁለት ቦታ እንደተሰጠን ይታወቃል። አንደኛው ጣራ አለው፤ ሁለተኛው አንድ ግዙፍ የሜፕል ዛፍ ሥር ነው። እርስዎ ጣራ ባለው ቦታ ላይ «ለሊቀመንበር ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በላሚኔሽን አሠርተው ሰቅለው፣ በወር ሁለቴ ለሚመጡበት የግል መኪናዎ ጥላ ሲያገኙ፣ ሕመምተኛ የሚያመላልሰው ሚኒቫን ደግሞ ከተፈጥሮ ጋር እንዲቀራረብ ዛፉ ሥር አደረጉት። ዛፉ በጥቅምት ቅጠሉን አራገፈ፤ ቅጠሉ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የውኃ መውረጃ ደፈነ፤ የሲያትል ዝናብ ደግሞ አጀንዳ እስኪያዝለት የሚጠብቅ አይደለም። መሄጃ ያጣው ውኃ ቀስ እያለ ወደ ኮፈኑ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር፤ በሚንጠባጠብበት ቦታ ላይም አንዲት ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ነበረች። የሣጥኗን ማንነት ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እስከዚያው ስለ እሷ ባለማወቅዎ አይጨነቁ፣ ዕድሩም እርስዎን ሲመርጥ አያውቃትም ነበር።

፪ኛ/ ስለ ጥቁሩ ፕላስተርም ምስጋናዬ ይድረስዎ። በጥቅምት መጨረሻ «ቼክ ኢንጂን» የምትባለው ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ ባለች ጊዜ በአክብሮት አሳውቄዎ ነበር። እርስዎም በዚያው ዕለት በአካል መጥተው፣ መነጽርዎን አድርገው መብራቷን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቷት በኋላ፣ ከኪስዎ ፕላስተር አውጥተው ለጠፉባት። ተሳፋሪዎቹ አዛውንቶች ስለሆኑ እንዳይደነግጡ በማሰብ ነው ብለውኛል። ይህን ያህል ለሰው ስሜት የሚጠነቀቅ መሪ በማግኘታችን ፕላስተሩን ሳልነካ መንዳቴን ቀጠልሁ፤ በዚህም እስካሁን እየተጸጸትሁ ነው።

፫ኛ/ ስለ ዴሞክራሲ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ኅዳር ሲገባ ሞተሩ ቀይ መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ይጠፋ ጀመር። ሌላ ዕድር ቢሆን መካኒክ ጠርቶ በተገላገለ ነበር። እርስዎ ግን የአባላትን መብት ላለመጋፋት ሲሉ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረቡት። ሃያ ሦስት አባላት በተገኙበት በዚያ ታሪካዊ እሑድ አሥራ አራቱ ባትሪ ነው፣ ስድስቱ ካንዴላ ነው፣ ሁለቱ ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ ገብቷል ሲሉ፣ አንድ አባት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። እኒያ አባት በዕድሜያቸው መሪ ጨብጠው ስለማያውቁ ስለማያውቁት ነገር እጃቸውን አላወጡም፤ በዕለቱ ከተሰጠው ድምፅ ሁሉ ለእውነት የቀረበው የእርሳቸው ነው። ቃለ ጉባኤው ችግሩ ባትሪ መሆኑ በአብላጫ ድምፅ መጽደቁን ይመሰክራል። ባትሪውም ተቀየረ። የሚያሳዝነው ሚኒቫኑ የዕድሩ አባል ስላልሆነ በውሳኔው አልተገዛም፤ በማግሥቱ እንደ ልማዱ ጠፋ። እርስዎም በጉባኤ ጊዜ ከሚባክን ብለው በሊቀመንበርነት ሥልጣንዎ ዲናሞው እንዲቀየር ወሰኑ። እሱም ተቀየረ። ከዚያም መጥፋቱን ቀጠለ፤ አሁን ግን በአዲስ ባትሪና በአዲስ ዲናሞ ነበር የሚጠፋው።

፬ኛ/ አሁን ወደ ዋናው ውለታዎ እመጣለሁ። እዚህ ላይ ግን እኔም የራሴ ጥፋት ስላለብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጥፋቴም አንዲት ቃል መሰሰቴ ነው።

ከዲናሞው በኋላ አንድ እሑድ ማንንም ሳላስፈቅድ መኪናውን ሬንተን ወደሚኖረው ወደ ጌዴዎን ወሰድሁት። ጌዴዎን በቤቱ ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ነው፤ ኢንጂነር የሚለው ማዕረግ ስለሌለው እያየና እየለካ ነው የሚሠራው። ብልሽት የሚያነብበትን ስካነር ሲሰካው የፍሬኑም፣ የበሩም፣ የኤር ባጉም ኮምፒውተር መልስ ሲሰጥ የሞተሩ ብቻ ዝም አለ። እኔ አገኘኸው ብዬ ደስ ሲለኝ እሱ ግን ኮምፒውተር የሚወቀሰው ሌላው ሁሉ ነፃ ከወጣ በኋላ ነው ብሎ ፊውዙን አንድ በአንድ፣ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሠረውንም ገመድ ሳይቀር በቴስተር እየለካ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ። ኤሌክትሪኩ ወደ ሣጥኗ በደንብ ይገባል፤ ከሣጥኗ ወደ ሞተሩ መውጣት ያለበት ግን ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። በመጨረሻ ፈታትቶ አወጣት። ሲያዘነብላት ቡናማ ውኃ ጠብ ጠብ አለ፤ ሽቦ የሚሰካባቸው ቀጫጭን እግሮች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። ክቡርነትዎ፣ ሣጥኗ የሞተሩ ኮምፒውተር ናት፤ ቤንዚኑን መጥና የምትሰጠውም፣ እሳቱ መቼ እንዲጫር የምታዘውም እሷ ናት። ጌዴዎን መልሶ አሰራትና «ሶ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ዴድ ነው፤ እስኪቀየር ሰው እንዳትጭኚበት፣ ፍሪዌይ ላይ ድንገት ያጠፋብሻል» ብሎ በእጁ ጽሑፍ ማስረጃ ሰጠኝ። ማስረጃው ላይ የሰፈረው ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል። ጥገና አይቀበልም። በአስቸኳይ ይቀየር።»

እኔም ፖስታ ውስጥ ከትቼ በቢሮዎ በር ሥር አስገባሁት። «የመኪናው» የምትል አንዲት ቃል ከፊቱ ባለመጨመሬ ጥፋተኛ ነኝ። ያኔ መኪናው ብቻ ነበር በአእምሮዬ ያለው፤ እርስዎም ሌላ የሚያስቡት ነገር ይኖራል ብዬ አልጠረጠርሁም።

እርስዎ ግን ነበረዎ። የቢሮው ኮምፒውተር ይንቀራፈፋል እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያመለክቱ ሰሚ አጥተው ኖረዋል። ድንገት አንድ ያልታወቀ ባለሙያ በር ሥር በገባ ወረቀት ሲመሰክርልዎ ምን ያህል ደስ እንዳለዎ መገመት አያቅተኝም። ባትሪ ለመቀየር ሁለት ሳምንት የፈጀው ኮሚቴ በማግሥቱ ተሰብስቦ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ የግዥ ኃላፊው አቶ ዘካሪያስ በዚያው ቀን ሱቅ ሄደው ባለ ትልቅ ስክሪን ላፕቶፕ ይዘው ተመለሱ። በዕድራችን ታሪክ እንዲህ የፈጠነ ውሳኔ ታይቶ አይታወቅም። በሳምንቱም መጨረሻ ላይ በቴሌግራም ግሩፓችን ይህ ማስታወቂያ ወጣ፦ «ለተከበራችሁ አባላት በሙሉ፤ በባለሙያ ተበላሽቷል የተባለው ኮምፒውተር በአዲስ ተቀይሯል። ተቋርጦ የነበረው አገልግሎትም ከማክሰኞ ጀምሮ ይቀጥላል።» እርስዎ አገልግሎት ያሉት የአባልነት መታወቂያ ማተምን ኖሯል። እኔ ግን ያንን ሳምንት ሙሉ እትዬ እናኑን የጎረቤት መኪና እየለመንሁ ሳደርስ ስለከረምሁ ሌላ አገልግሎት ትዝ አላለኝም። ሦስት የጭብጨባ ምልክት ልኬልዎታለሁ። አሁንም ግሩፑ ላይ አለ፤ ላጠፋው አስቤ እንደ ቅጣት ይቆይብኝ ብዬ ተውሁት።

ማክሰኞ ማለዳ እትዬ እናኑን ጭኜ ተነሣሁ። ሌሊቱን ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ፤ በሆዴ እርስዎን መረቅሁ። ቢጫዋ መብራት በርታ እንደሆነም እንዳላይ ፕላስተርዎ በቦታው ነበር። ፍሪዌዩ ላይ ኖርዝጌትን እንዳለፍን፣ መካከለኛው መስመር ላይ፣ ዝናቡም ያን ጊዜ ጀምሮ ነበር፣ ሞተሩ ያለ አንዳች ምልክት ጠፋ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እያንባረቀ፣ በቀረኝ ፍጥነት ብቻ እየተንከባለልሁ ዳር ደረስሁ። እትዬ እናኑ ከኋላ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ አንዴም አልጮኹም። አይዞሽ የሚሉኝ እርሳቸው ነበሩ። ጎታች እስኪመጣ አርባ አምስት ደቂቃ ተቀመጥን፤ ስንደርስ አልጋቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ለረቡዕ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል ሌላ ቀጠሮ ተገኘላቸው።

በዚያው ከሰዓት ስደውልልዎ ኮምፒውተሩማ ተቀይሯል አሉኝ። የመኪናው ኮምፒውተር ስልዎ ሳቁ። መኪና ሞተር እንጂ ኮምፒውተር እንደሌለው፣ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንደሚነዱ፣ ልጅ የሚለውን ሁሉ እንዳልሰማ መከሩኝ። ለምክሩ አመሰግናለሁ።

፭ኛ/ ከሳቁ በኋላ ግን ቸርነትዎ አሸነፈዎና ረቡዕ እትዬ እናኑን እኔ ራሴ በራሴ መኪና አደርሳቸዋለሁ፣ ማንም እንዳይቸገር አሉ። ለእርሳቸውም ደውለው ይህንኑ አረጋገጡላቸው። ሚሪያም ይህን ሰምታ በሰላም ሥራዋ ገባች።

እትዬ እናኑ ረቡዕ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ለባብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መንገዱ የሚታይበት መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ላይ ደውዬ ኢንጂነሩ እንዳልደረሱ ስሰማ፣ ባለመኪና ጎረቤት ስላለኝ አሁኑኑ ልላክልዎ አልኋቸው። እንቢ አሉ። ትልቅ ሰው በቃላቸው እመጣለሁ ብለውኝ በሌላ ሰው መኪና ብሄድ፣ መጥተውም ቢያጡኝ፣ አላመነችኝም ይሉኛል፤ ነውር ነው አሉኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልሁ፤ አሁንም ነውር ነው አሉኝ። ለእርስዎ ስደውል ስልክዎ «በስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ብቻ ይመልስልኛል። አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮው ካለፈ ቆይቶ ጫማቸውን አወለቁ።

በኋላ ከአቶ ዘካሪያስ እንደተረዳሁት ያን ጠዋት አንድ ወጣት ባለሙያ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ የግዕዝ ፊደል ሲጭን እርስዎ አጠገቡ ሆነው ሲመሩት ነበር። «ሠ» እና «ሰ» ቦታቸውን ስለተለዋወጡ ጥለው መሄድ አልቻሉም። ፊደላችን ክብር ይገባዋል፤ ይህን ማንም አይክድም።

ሐሙስ ማለዳ እትዬ እናኑ መተንፈስ አቃታቸው። አምቡላንስ ወሰዳቸው። ሳንባቸው ውኃ ይዞ ነበር፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሚሪያም ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። በጨዋ አማርኛ የምጽፍልዎ ቁጣዬ ስለበረደልኝ እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። ተናድጃለሁ።

፮ኛ/ ስለ አጣሪ ኮሚቴው አጭር ምስጋና፦ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቁመው፣ ጉዳዩን ከሥሩ መርምረው፣ ጥፋቱ የሹፌሯ መሆኑን ደርሰውበታል። ራሷ እንዳመነችው፣ መካኒክ ሰው አትጫኚበት እያላት የጫነች እሷ ናት ተብሏል። የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። በአዲሱ ላፕቶፕ የተጻፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ መሆኑን ስሰማ ክብር ተሰማኝ፤ ፊደሉ በእውነት ያምራል፤ «ሠርካለም» በትክክለኛው «ሠ» ነው የተጻፈው።

ክቡር ሊቀመንበር፣

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ የሠራሁትን መደበቅ ነውር ስለሚሆን እነግርዎታለሁ። አጣሪ ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ሰዓት ለመወሰን በሚሰበሰብበት ሳምንት ጌዴዎንና እኔ መኪናውን ሠርተነዋል። ጠቅላላ ጉባኤ አልጠራንም፤ ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ከዕድሩም የጠየቅነው ነገር የለም። ጌዴዎን በላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ ኮምፒውተር አፈላልጎ አገኘ፤ መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ የሌላ መኪና ኮምፒውተር አይገባም፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሥራውን ይችላል ማለት እንዳልሆነ ሁሉ። የሚኒቫኑን የሻንሲ ቁጥር ጻፈበት፣ ፕሮግራም አደረገው፤ ዝገት የያዛቸውን ሽቦዎች ቆርጦ ቀጠለ፤ የውኃ መውረጃውን ከቅጠል አጸዳ። ፕላስተሩን እኔ ነኝ ያነሣሁት። ሥሩ ያለችው መብራት ጠፍታለች።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ደርሰን ተመልሰናል፤ ቀይ መብራት ላይ እንቆማለን፣ ሞተሩ ይቆየናል፣ አረንጓዴ ሲበራ እንሄዳለን። ይህ ለእርስዎ ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። እትዬ እናኑ ግን በያንዳንዱ ቀይ መብራት ላይ እስካሁን ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ በመስታወት አያቸዋለሁ። ሚኒቫኑ አሁን የሚቆመው ጣራው ሥር ነው። ማስታወቂያዎን አልነካሁትም፤ መኪናው ማንበብ ስለማይችል ነውና ቅር እንዳይልዎ።

ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ ይነሣልኝ ብዬ አላመለክትም። ይልቁንም ጠቅላላ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ የመኪናው ጉዳይ ከሊቀመንበሩ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ለሚነዱትና ለሚሳፈሩት እንዲሰጥ በዚህ ደብዳቤ ሐሳብ አቀርባለሁ። እርስዎን ከዚህ ትልቅ ሸክም ማሳረፍ ለዘመናት ለደከሙልን ሰው የምንከፍለው ትንሹ ወሮታ ነው። ላፕቶፑ ከእርስዎ ጋር ይቆይ፤ ማንም አይቀማዎትም፤ እሱ ቢጠፋ የሚታመም ሰው የለም።

ስለ ዕድራችን ሲሉ የሰው እንቅልፍ ለነሡበት ትጋትዎ፣ ሰውን ከመስማት ለተቆጠቡበት ትዕግሥትዎ፣ የማያውቁትን ሁሉ ለመወሰን ለማያመነቱበት ድፍረትዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ከወንበርዎ ተነሥተው የሚያርፉበትን ቀን በጉጉት ከሚጠባበቁት አባላት መካከል አንዷ በመሆን፣ በተገቢው ሁሉ ክብር፣

ሠርካለም ጳውሎስ
የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የደረሳት ሹፌር
ሲያትል፣ ታኅሣሥ

ግልባጭ፦
— ለዕድሩ አባላት በሙሉ
— ለአቶ ዘካሪያስ፣ ግዥ ክፍል
— ድምፀ ተአቅቦ ላደረጉት አባት፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚኒቫኑን ሊያስነሡ ሞክረው እምቢ እንዳለዎት፣ በዚህም ምክንያት ጥገናው አልተሳካም ብለው ለኮሚቴው ሪፖርት እንዳቀረቡ ሰማሁ። ጥገናው ተሳክቷል። የሞተሩ ኮምፒውተር ሲቀየር ቁልፎቹን እንደ አዲስ ያጠናል፤ በዕለቱ ፊቱ ያልቀረበ ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ ሬዲዮ ያስከፍታል፣ ሞተሩን ግን ለሁለት ሴኮንድ አስነሥቶ ያጠፋዋል። ቁልፍዎን እንዲልኩልን ሦስት ጊዜ ጽፈንልዎ «በስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ደርሶናል። ስለዚህ ብልሽት የለም፤ መኪናው እርስዎን አላወቀዎትም፣ ያ ብቻ ነው። ጌዴዎን በአሥር ደቂቃ ሊያስተዋውቅዎ ይችላል፤ ለዚያ ግን የሚታወቁት ሁለቱ ቁልፎች አንድ ላይ መቅረብ አለባቸው። አንዱ እኔ ጋ ነው፤ ሌላው ከማተባቸው ጋር እትዬ እናኑ አንገት ላይ ታስሯል፤ ሄደው ራስዎ መጠየቅ ይኖርብዎታል። አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ ላሳውቅዎ። ሆስፒታል ዓይናቸውን እንደገለጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ ረቡዕ ዕለት ኢንጂነሩን መንገድ ላይ ምን አገኛቸው፣ ደኅና ናቸው ወይ ብለው ነው። ሦስቱንም ቀን ለእርስዎ ሲጸልዩ ነበር። ያን ጠዋት የት እንደነበሩ እስካሁን አልነገርኋቸውም። ሲያዩዎት ይጠይቁዎታልና መልስ ይዘው ይሂዱ።